«ቤት» ለሁለት ተከፈለብኝ፦ ታፔላ ላይ ፊደል የምታቀራርቡት እንዴት ነው?

ታፔላው (ደሴ) — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

እንዴት አመሻችሁ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጠባብ የህትመት ሱቅ አለችኝ። ባነር፣ ታፔላ፣ የሰርግ ካርድ፣ የለቅሶ ምስጋና፣ የመጣውን ሁሉ እሠራለሁ። ትናንት አንድ ደንበኛ የሰቀልኩለትን ታፔላ አስወርዶ በሁለት ልጆች አሸክሞ መለሰልኝ።

ጽሑፉ «ሙሉ ቡና ቤት» ነው፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለው፣ በቃ። ርዝመቱ 3 ሜትር ነው። ኮምፒውተሬ ላይ ሳየው እንከን አልነበረውም። ሰውዬው ከመንገዱ ማዶ አቁሞኝ «አንብበው» አለኝ። «ሙሉ ቡና ቤት» አልኩት። «አንተ የምታነበው ልትጽፍ ያሰብከውን ነው፤ የተጻፈውን አንብብልኝ» አለኝ። ወላሂ ያኔ ነው የታየኝ። «ቤ» ወዲህ፣ «ት» ወዲያ፤ በመካከላቸው ሰው ያሳልፋል። «ሳልፋታ ቤቴን ለሁለት ከፈልከው» ብሎ ሳቀ። ሳቀ እንጂ ቀሪውን ገንዘብ አልከፈለም።

ማታ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ፊደል አጠበቅኩት። «ቤት» ገጠመ። አሁን ደግሞ የ«ቡ» ክንድ ሄዶ «ና»ን ወጋት፣ «ሙ» እና «ሉ» ተያያዙ። ሳላላው «ቤት» ይከፈታል፣ ሳጠብቀው «ቡና» ይጣበቃል። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? የምሠራው በኮረልድሮ ነው።


ቦርከና_ፕሪንት (ኮምቦልቻ) — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡32

አብሽር ወንድሜ፣ ያልደረሰበት የለም። እኔን የደረሰብኝ ባነር ላይ ስለነበር ቢያንስ ክፈፍ አላባከንኩም።

ያጠፋኸው አንድ ነገር ነው፤ የሁለቱን ፊደል ጠብ ለመገላገል አገሩን ሁሉ አስታረቅክ። ሁሉንም እኩል ማጥበቅና ማላላት ትራኪንግ ነው። አንተ የምትፈልገው ከርኒንግ ነው፤ ሁለት ፊደል ለይቶ ማቀራረብ። ኮረል ላይ ኤፍ10ን ተጫን፣ የሼፕ መሣሪያው ይመጣል። ጽሑፉን ስትነካው በየፊደሉ ግራ እግር ሥር ትንሽ ነጭ ነጥብ ታያለህ። የ«ት»ን ነጥብ ብቻ ምረጥና ወደ «ቤ» ሳባት። ሌላው ከቦታው አይነቃነቅም። በቀኝ ጫፍ ያለችውን ቀስት እንዳትነካ፣ እሷ ሁሉንም ነው የምትጎትተው። ትናንት ማታ እሷን ነው የጎተትከው መሰለኝ።

ኢሉስትሬተርና ፎቶሾፕ ላይ ደግሞ ጠቋሚውን በ«ቤ» እና በ«ት» መካከል አስቀምጠህ አልትን ይዘህ የግራ ቀስት መጫን ነው።


የወልዲያው — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

እኔ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለብኝም። ርዕስ ሲሆን በስፔስ እለየዋለሁ፦ «ማ ስ ታ ወ ቂ ያ»። ያምራል፣ ይነበባል፣ ማንም አማርሮኝ አያውቅም።


እትዬ_ታይፕ (ደሴ) — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

የኔ ልጅ፣ ያ ልማድ የኛ ነው፤ ጥፋቱ ካለም የኛ ነው። ደሴ መሥሪያ ቤት ውስጥ በጽሕፈት መኪና ስንጽፍ ርዕስ ማድመቂያ አልነበረንም። መኪናዋ አንድ ዓይነት ፊደል፣ አንድ ዓይነት መጠን ነው ያላት። ርዕሱን ጎላ ለማድረግ ፊደል መትተን ክፍት እንመታለን፣ ፊደል መትተን ክፍት እንመታለን፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰን ከሥሩ እናሰምርበታለን። ለመኪናዋ «ነ»ም «ጨ»ም እኩል ናቸው፤ ለቀጭኗም ለሰፊዋም የምትሰጠው ያው አንድ እርምጃ ነው። «ነ» ሜዳ ላይ ብቻዋን የቆመች ትመስላለች፣ «ጨ» እንደ ሰርግ ቤት ትጨናነቃለች።

ኮምፒውተር ሲመጣ እጃችን ያንኑ ይዞ መጣ። ለልጆቹም ያንኑ አስተማርናቸው። አሁን ግን ወርድ ላይ ሌላ መንገድ አለ። ርዕሱን ምረጥ፣ ኮንትሮልና ዲ ተጫን፣ ሁለተኛውን ገጽ ክፈት፣ ስፔሲንግ የሚለው ላይ «ኤክስፓንድድ» በልና 3 ፖይንት ስጠው። ዓይን ሲያየው ያው ነው፣ ውስጡ ግን ቃሉ ቃል ሆኖ ይቀራል።


የወልዲያው — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡12

እትዬ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ወረቀት ላይ ከወጣ በኋላ ምን ለውጥ አለው?


እትዬ_ታይፕ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ወረቀቱ ላይ የለውም። ፋይሉ ላይ ነው ጉዱ። «ማስታወቂያ» ብለህ ፈልግ ብትለው አያገኘውም፤ እሱ የሚያውቀው ስድስት የተበተኑ ፊደሎችን ነው። መስመሩ ጫፍ ላይ ከደረሰ ደግሞ «ማ ስ ታ ወ» እዚህ፣ «ቂ ያ» ታች ይቀራል። ማየት የተሳነው ሰው ኮምፒውተሩ እንዲያነብለት ቢያደርገው ደግሞ ቃሉን ትቶ ፊደል በፊደል ይቆጥርለታል፣ እንደ ሀ ሁ ተማሪ። እኔ ራሴ በዚህ ምክንያት የጠፋብኝን ደብዳቤ ግማሽ ቀን ፈልጌያለሁ። የጻፍኩት ደግሞ እኔው።


የወልዲያው — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡22

ተረታሁ እትዬ። 😄


ፊደል_ጠራቢ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡45

ደሴ ነው ያደግኩት፤ አሁን ፎንት መሥራት ነው እንጀራዬ። ወንድማችን ቦርከና መፍትሔውን ነግሮታል። እኔ ለምን እንደሚፈጠር ላስረዳ፣ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ቀጣዩ ታፔላ ላይ ቀድሞ ያየዋልና።

ፎንት ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል በማይታይ ሳጥን ውስጥ ነው የተቀመጠው። ከግራውና ከቀኙ ትንሽ ትንሽ ባዶ ቦታ ይተውለታል። ኮምፒውተሩ ሳጥን ከሳጥን እያስጠጋ ይደረድራል እንጂ ውስጡ ያለው ክብ ይሁን ቀጥ ያለ፣ ክንድ ይኑረው አይኑረው ግድ የለውም። የኛ ዓይን ደግሞ ሳጥኑን አያይም፤ የሚያየው በፊደሎቹ መካከል ያለውን ባዶ ነው።

«ቤት»ን ቀረብ ብላችሁ እይዋት። የ«ቤ» ቀለበት ከቀኝ እግሯ ሥር ወደ ውጭ ወጥታለች፤ ስለዚህ የ«ቤ» ሳጥን ከ«በ» ሳጥን ይሰፋል። «ት» ደግሞ መስቀል ናት። ክንዶቿ ከፍ ብለው ከሥራቸው ባዶ ነው። ቀለበቷ ከ«ት» ግራ ክንድ ሥር ገብታ መቀመጥ ትችል ነበር፣ ሳጥኖቹ ግን አያስገቧትም። እግር ለእግር ስታዩአቸው ጎረቤት ናቸው፣ ራስ ለራስ ስታዩአቸው በመካከላቸው ገደል አለ። ያ ሰው ከመንገድ ማዶ ያየው ገደሉን ነው። «ቤተ» እና «ሴቶች» ላይም ይኸው ነው። አገራችን ላይ ደግሞ «ቤት» የሌለበት ታፔላ ስንት ነው? ቡና ቤት፣ ምግብ ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ ትምህርት ቤት።

የኛ ፊደል ጣጣው ቅጥያው በአብዛኛው ወደ ቀኝ መውጣቱ ነው። ካዕቡ (እንደ «ቡ») ወገቡ ላይ ክንድ ይዘረጋል፣ ሳልሱ (እንደ «ቢ») እግሩ ሥር ይዘረጋል፣ ኃምሱ (እንደ «ቤ») ቀለበት ያንጠለጥላል። ሁሉንም እኩል ስታጠብቅ መጀመሪያ የሚጋጩት እነዚህ ናቸው። ወንድማችን ታፔላው የ«ቡ» ክንድ «ና»ን ወጋት ያለው ለዚህ ነው። ሙሉ፣ ቡና፣ ሱቅ፣ ሁሉ፤ ካዕብ ባለበት ቃል ላይ እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ።

ጥሩ ፎንት ይህንን ራሱ ያስተካክላል። ውስጡ የጥንዶች ሠንጠረዥ አለ፦ «ቤ» እና «ት» ሲገናኙ ይህን ያህል ቀንስ የሚል። ግን ሒሳቡን እዩት። ላቲን ትልቁንም ትንሹንም ብትቆጥሩ 52 ነው፤ ጥንዱ 2,704። የኛ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው፣ እንደ «ሏ» ያሉትን ዲቃሎች ሳንጨምር። 231 በ231 ሲባዛ 53,361 ጥንድ። ማን ተቀምጦ ይሠራዋል? ስለዚህ በቡድን ነው የምንሠራው። በቀኝ እግራቸው ቀለበት ያላቸውን ቤ፣ ሴ፣ ዴ፣ ኬ አንድ ቤተሰብ እናደርጋለን፤ በግራ ሥራቸው ባዶ የሆኑትን ተ፣ ት፣ ቀ፣ ፐ ሌላ ቤተሰብ። ከዚያ ቤተሰብ ከቤተሰብ እናጋባለን። ይህንንም ሳይሠሩ የሚወጡ ፎንቶች አጋጥመውኛል፤ ሠንጠረዣቸውን ስከፍተው ባዶ፣ ወይም የላቲኑ ብቻ ተሞልቶ አገኘዋለሁ።

እንዲህ ያለ ፎንት ከገጠማችሁ ኢንዲዛይንና ፎቶሾፕ ላይ የከርኒንጉን ምርጫ «ሜትሪክስ» ከሚለው ወደ «ኦፕቲካል» ቀይሩት። ሠንጠረዡን ትቶ የፊደሉን ቅርጽ እያየ ይገምታል። ለአማርኛ ሁልጊዜ አይሳካለትም፣ ግን ከባዶ ይሻላል።

ስለ ቁጥሩ ደግሞ። እነዚህ ፕሮግራሞች የሚለኩት የፎንቱን መጠን ለ1,000 ከፍለው ነው። 12 ፖይንት ጽሑፍ ላይ 20 ብትቀንሱ ሩብ ፖይንት እንኳ አይሞላም፣ ዓይን አይይዘውም። የታፔላው ፎንት መጠን 50 ሳንቲሜትር ቢሆን ግን ያው 20 አንድ ሳንቲሜትር ሙሉ ነው። ስክሪን ላይ «ምንም አይል» ያለው ነገር ግድግዳ ላይ ጣት ያስገባል። ስለዚህ ታፔላ ስትሠሩ ከወንበራችሁ ተነሡ፣ ከክፍሉ ማዶ ቁሙና ዓይናችሁን ጨፈን አድርጉ።

እኔ የለመድኩት ዘዴ የጤፍ ነው። በየፊደሉ መካከል ጤፍ አፈስሳለሁ ብዬ አስባለሁ። በሁሉም መካከል እኩል ጤፍ መግባት አለበት። «ቤ» እና «ት» መካከል አንድ ቁና፣ «ቡ» እና «ና» መካከል አንድ እፍኝ ከገባ አልተስተካከለም ማለት ነው። ካልያዘላችሁ ጽሑፉን ገልብጡት። ፊደሉ ተዘቅዝቆ ሲቆም ማንበብ ትተዋላችሁ፣ ባዶው ብቻ ይታያችኋል።


ቦርከና_ፕሪንት — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡30

በዛሬው የጤፍ ዋጋ አንድ ቁና አፈስሳለሁ ስትል አልሰቀጠጠህም?


ታፔላው — ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡15

አላህ ይስጣችሁ። ሞከርኩት። መጀመሪያ ያጠበቅኩትን ሁሉ ወደ ዜሮ መለስኩ። «ት»ን ብቻ ሳብኳት። የ«ቤ» ቀለበት ክንዷ ሥር ስትገባ ራሴ ደነገጥኩ፣ ቃሉ «ቤት» ሆነ። «ሙ» እና «ሉ»ን እንዲያውም ትንሽ አላላኋቸው። ስገለብጠው ደግሞ ያላሰብኩት ታየኝ፦ በ«ሙሉ» እና በ«ቡና» መካከል ያለው የቃል ክፍት በጣም ሰፍቶ ነበር፣ እሱንም ቀነስኩት።

ሌላ ጥያቄ ልጨምር። ከዓመታት በፊት የተሠራ የሰርግ ካርድ ፋይል አለኝ፣ ደንበኞች «እንደዚያኛው አድርግልን» እያሉ ነው የሚያስከፍቱኝ። የሙሽሮቹን ስም ሳራራቀው ፊደሉ ይፈርሳል። የ«ሩ» ክንድ ከግንዱ ተለይቶ ብቻውን ይሄዳል። ቫይረስ ነው እንዴ?


ቦርከና_ፕሪንት — ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡50

ቫይረስ አይደለም፣ የድሮ ፎንት ነው። ከዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል ሁሉ የየራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ሥርዓት) በፊት አንድ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ የኛ ፊደል አይበቃውም። ስለዚህ አንዳንዶቹ ግንዱን ለብቻ፣ ክንዱንና ቀለበቱን ለብቻ አድርገው ይገጣጥሙ ነበር። ላንተ «ሩ» አንድ ፊደል ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት። አራርቅ ስትለው ታዛዥ ነው፣ ያራርቃቸዋል። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ስትከፍተው ደግሞ የፈረንጅ ዝብርቅርቅ ሆኖ የሚመጣው ያው ነው።

መድኃኒቱ በዩኒኮድ ፎንት እንደገና መጻፍ ነው። የሰርግ ካርድ ስንት ቃል አለው? ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።


ፊደል_ጠራቢ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡05

ትክክል። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3.0 ነው፣ እ.ኤ.አ. 1999። እዚያ «ሩ» አንድ ቁጥር ያላት አንድ ፊደል ናት፣ ብትጎትታትም አትበተንም። ኒያላ፣ አቢሲኒካ፣ ኖቶ የሚባሉት ፎንቶች ሁሉም በዚያ የተሠሩ ናቸው።


የመንዙማው_ልጅ (ደሴ፣ ሸዋበር) — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡20

አሰላሙ አለይኩም። ሳላስበው የኔን ችግር ነው የምታወሩት። የአያቴን የመንዙማ ደብተር ለማሳተም እየተየብኩ ነው። አማርኛ ነው፣ ግን በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ፣ ዐጀም። በግራ ገጽ ዐጀሙን፣ በቀኝ ገጽ በግዕዝ ፊደል አድርጌዋለሁ። ርዕሶቹን እንዲያምሩ ብዬ ሁሉንም አንድ ላይ መርጬ አራራቅኳቸው። የአማርኛው አማረ። የዐረብኛው ተበጣጠሰ፤ ተያይዞ የሚጻፈው ፊደል እያንዳንዱ እጁን አጥቶ ቆመ። አያቴ አይተውት «ልጄ፣ ይሄ ምን ሆኖ ነው የቆሰለው?» አሉ።


ፊደል_ጠራቢ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡48

ወአለይኩም ሰላም። አያትህ ልክ ናቸው። የዐረብኛ ፊደል ተያይዞ የሚሄድ ነው፤ ክፍተት ስትጨምርበት መያያዣውን ትቆርጠዋለህ። ዐጀሙን ከምርጫህ አውጣና ወደ ዜሮ መልሰው፣ በጭራሽ አትንካው። ማስረዘም ካስፈለገህ መያያዣው ራሱ ነው የሚሳበው፣ ካሺዳ ይሉታል። ወርድ ላይ ዐረብኛ ከተከፈተ ግራና ቀኙን እኩል ከሚያደርገው ከጀስቲፋይ አጠገብ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ የሚሉ ምርጫዎች ይመጣሉ፤ መያያዣውን የሚስቡልህ እነሱ ናቸው። ዝቅተኛው ይበቃሃል፣ ግጥም ስለሆነ። ደብተሩ ታትሞ ሲወጣ አንድ ቅጂ አስቀምጥልኝ፣ ዋጋውን እልካለሁ።


ዘብራና (ሐይቅ) — ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ጀስቲፋይ ከተነሣ አንድ ነገር ልበል። ሁላችሁም ስለ ርዕስ ታወራላችሁ፤ እኔን የሚያናድደኝ የውስጡ ጽሑፍ ነው። ዛሬ የሚታተመውን የማኅበር መጽሔት ክፈቱ። ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን ተብሎ አንድ መስመር ላይ ሦስት ቃል፣ በመካከላቸው በሬ የሚያሳርስ ሜዳ።

አባቶቻችን ይህ ችግር አልነበረባቸውም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለው የአባ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1280/81 ነው። የብራና ጸሐፊ መጀመሪያ ጠርዙን በወስፌ ይበሳል፣ መስመሩን ያሰምራል፣ ከዚያ ነው ብርዕ የሚያነሣው። በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ያደርጋል። መስመሩ ሲያልቅበት ቃሉን ከደረሰበት ፊደል ላይ ቆርጦ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሰረዝ የለ፣ ምን የለ። አንባቢው ሁለት ነጥብ እስኪያይ ድረስ ቃሉ እንዳላለቀ ያውቃል። ስለዚህ ዳርና ዳሩ ያለ ብዙ ችግር ይስተካከልለታል።

እኛ ሁለት ነጥቡን ጥለን ባዶ ቦታ ተካን። ባዶ ቦታ ስለተካን ቃል መቁረጥ አልቻልንም። እኩል ዳርቻውን ግን አልተውንም። ሁለቱን ጥለን ሦስተኛውን ይዘን ቀረን። ሁለት ነጥብ ይመለስ ባይ ነኝ።


ቦርከና_ፕሪንት — ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡25

ዲያቆን ዘብራና፣ ስለ ብራናው አልከራከርም። ግን ደንበኛዬ ብሮሹሩ ላይ በየቃሉ ሁለት ነጥብ ቢያይ «ይሄ ምን ዝንብ ያረፈበት ነው» ብሎ ይመልስብኛል። ኪቦርዱም ስፔሱን ለምዷል። እኔ የማደርገው ቀላል ነው፤ ዓምዱ ጠባብ ከሆነ በግራ ብቻ አስተካክላለሁ፣ ቀኙ እንደፈለገ ይሁን። «እንደሚያስፈልጋቸውም» የሚባል ቃል ያለው ቋንቋ በጠባብ ዓምድ ጀስቲፋይ አይደረግም።


እትዬ_ታይፕ — ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ደንበኛው ግን «ቀኙ ለምን ጥርሱ ወለቀ» ይላል። ብሎኛል።


ፊደል_ጠራቢ — ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡30

ሁላችሁም እውነት አላችሁ፣ እኔ ግን ወደ ቦርከና አደላለሁ። ደንበኛው የግድ እኩል ይሁን ካለ ኢንዲዛይን ላይ የጀስቲፊኬሽኑን ሠንጠረዥ ክፈቱ። ሳትነኩት የቃል ክፍት ዝቅተኛው 80፣ የሚፈለገው 100፣ ከፍተኛው 133 በመቶ ነው፣ የፊደል ክፍት ደግሞ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ሸክሙ ሁሉ ቃል መካከል ባለው ባዶ ላይ ነው ማለት ነው። ለፊደሉ ከ−2 እስከ +3 ፍቀዱለት፣ የፊደሉ ስፋት ከ98 እስከ 102 ይሁን። ሸክሙ ለብዙ ትከሻ ይከፋፈላል፣ ዓይንም አይነቃበትም። ከዚህ በላይ ከሄዳችሁ ግን አንዱ መስመር ጥቁር፣ ሌላው ነጣ ያለ ሆኖ ገጹ እንደ ዥንጉርጉር በግ ይሆናል። ትንሽ ፊደል ላይ በእጅ ጥንድ በጥንድ ማስተካከል ደግሞ ጊዜ ማቃጠል ነው፤ ያ ለርዕስና ለታፔላ ብቻ ነው።

ስለ ሁለት ነጥብ፣ ዘብራና፣ አንድ መጽሐፍ በዚያ መንገድ ሞክረህ ብታሳየን ደስ ይለኛል። ፕሮግራሞቹ ከሁለት ነጥብ በኋላ መስመር መቁረጥ ይችላሉ። ቃሉን መሃል ላይ መቁረጡ ነው የሚያስቸግርህ።


ዘብራና — ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡00

እሞክራለሁ። በመጀመሪያ በትንሽ የጸሎት መጽሐፍ።


ታፔላው — ዓርብ፣ ከምሽቱ 12፡40

ወገኖቼ፣ ታፔላው ተሰቀለ። የድሮውን ስቲከር ልጬ በአዲስ ቆርጬ ለጠፍኩት፣ ክፈፉ ተረፈልኝ። ሰውዬው ከመንገዱ ማዶ ሄዶ ቆመ፣ አነበበ፣ ተመልሶ መጥቶ ቡና ጋበዘኝ። ቀሪውን ገንዘብም ቆጠረልኝ።

ሁለተኛው ስኒ ላይ ስንደርስ «አሁን ደግሞ ስልኩን እየው» አለኝ። አየሁት። ቁጥሩ ውስጥ ሁለት 1 ጎን ለጎን አሉ፤ በመካከላቸው ጥርስ የወለቀ ይመስላል።


ፊደል_ጠራቢ — ዓርብ፣ ከምሽቱ 12፡55

ብዙ ፎንቶች ላይ ቁጥሮች ሁሉ እኩል ስፋት ነው የሚሰጣቸው፣ ሒሳብ ሲደረደር ዓምዱ እንዲገጥም ተብሎ። «1» ቀጭን ስለሆነች በሰፊ አልጋ ትተኛለች። እሷንም በኤፍ10 ሳባት።


ታፔላው — ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡02

ነገ ጠዋት መሰላል ይዤ እወጣለሁ።